ሁለተኛው ሟች

በእኛ ሥራ ሁለተኛው ሟች የምንለው ሰው አለ። የመጀመሪያው ሟች የተገጨው፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀው፣ አፈር የተናደበት ነው። ሁለተኛው ግን ምንም አልነበረበትም። ምሳውን በልቶ በመንገዱ ሲሄድ «የሰው ያለህ!» የሚል ጩኸት ሰማ፤ ሮጠ፤ እዚያው ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን በነርስነት አምቡላንስ ላይ፣ ግማሹን በመንገድና በግንባታ ቦታዎች የሥራ ደህንነት ኃላፊ ሆኜ። እንቅልፍ የሚነሱኝ እነዚህ ሁለተኛዎቹ ናቸው።

አንዱን ልንገራችሁ። ከጅጅጋ በቀብሪ በያህ በኩል ወደ ሐውድ ሲኬድ ወንዝ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ መሬቱን ቆፍሮ፣ ጎኑን በድንጋይና በሲሚንቶ ለስኖ፣ ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ ሲጥል የሚወርደውን ጎርፍ ያጠራቅማል። በርካ ይሉታል። አንዳንዱ ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ፀሐይ ውሃውን እንዳትጨርሰው በቆርቆሮ ይከደንና አንድ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ይተውለታል። ከመንገድ ሥራ ካምፓችን አጠገብ በነበረች መንደር እንዲህ ያለ የተከደነ በርካ ነበር። ባለቤቶቹ ዝናቡ ሳይመጣ ጭቃውን ሊጠርጉ ፈለጉ። የመሳቢያው ቱቦ አጠረባቸውና ትንሿን የቤንዚን ሞተር በገመድ ወደ ታች አወረዷት። ሞተሯ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራች። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሊያጠፋት ወረደ፤ አልተመለሰም። ሁለተኛው «ምን ሆነ?» ብሎ ተከተለው።

ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ሦስተኛው ልጅ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፏል። ከኋላው ሽርጡን ያዝኩ። ሽርጥ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እጄ ላይ ቀረ። ክንዱን አፈፍ አድርጌ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «አዴር፣ ልቀቁኝ! ወንድሞቼ ናቸው!» ይላል፤ አጎቴ ማለቱ ነው። እኔ የማውቃትን ሶማሊኛ «ሃ ገሊን፣ ሃ ገሊን» እደጋግማለሁ፤ አትግባ፣ አትግባ። ቆርቆሮውን አስነቅለን፣ በአንሶላ አየር እያስገባን፣ ወገቡ ላይ ገመድ ያሰርንለትን አንድ ሠራተኛችንን እስክናወርድ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ሁለቱም አልፈዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ልጁ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጅጅጋ ገበያ ላይ አገኘኝና ዝም ብሎ የግመል ወተት ሻይ አዘዘልኝ። ስለዚያ ቀን አላወራንም።

የዚህን ሥራ ታሪክ በአካባቢያችን መቁጠር ስጀምር ደርሼ የምቆመው ሌላ ሁለተኛ ሟች ላይ ነው። እሱም ሐኪም ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጣልያን ድንበር ጥሶ ሲገባ ማኅበሩ ገና ሦስት ወር አልሞላውም፤ ለመለማመድ እንኳ ጊዜ ያላገኘ ጨቅላ ነበር። ወደ ኦጋዴን ግንባር ከተላኩት መጀመሪያዎቹ የሕክምና ቡድኖች አንዱን የመራው ዶክተር ሮበርት ሆክማን የሚባል አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ሐኪም ነው። ሰፈሩ ደገሃቡር ነበር፤ ከጅጅጋ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ላይ። ያኔ የጅጅጋን ግንባር ይዘው የነበሩት ደጃዝማች ነሲቡ ናቸው፤ የቱርኩ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ደግሞ ምሽግ ያስቆፍርላቸዋል። ከሰማይ የሚወርደው ቦምብ ሁሉ አይፈነዳም። ያልፈነዳው በየጎጆው ደጅ፣ በየመንገዱ ዳር ይቀራል፤ ልጅ ይነካዋል፣ ግመል ይረግጠዋል። ሆክማን ታኅሣሥ 1928 ደገሃቡር ላይ አንዱን ያልፈነዳ ቦምብ ሊያከሽፍ ሲሞክር እጁ ላይ ፈነዳና ሞተ።

ጀግና ነው ይላሉ፤ ነው። እኔ ግን ሥልጠና ላይ ስሙን የማነሳው ለሌላ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ ኦጋዴን ግንባር ላይ ሐኪም ስንት ነበር? አንድ ሐኪም ሲሞት ቁስሉን ሊያጥብለት ይችል የነበረው ሰው ሁሉ አብሮት ተጎዳ። ቦምብ ማክሸፍ የወታደር ሙያ ነው፤ የሐኪሙ ሥራ ሰዉን ከቦምቡ ማራቅ ነበር። እንዲህ ስል አንዳንድ ሰልጣኝ ይከፋዋል፤ «ጋሼ፣ ለሰው ብሎ የሞተን ሰው እንዴት ይወቅሳሉ?» ይለኛል። አልወቅስም። ያዘነ ሰው ሒሳብ ይሠራል፤ እኔም ሒሳቡን ነው የምሠራው።

በዚያው ጦርነት ጎራሄን ይከላከሉ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በአውሮፕላን ድብደባ ቆስለው ወደ ኋላ ሄጄ አልታከምም አሉ። ቁስሉ አመረቀዘና ገደላቸው። ዛሬም ሥራ ቦታ ላይ ፎርማኑ እግሩ ተቀጥቅጦ «ደህና ነኝ፣ ኮንክሪቱ ይለቅ» ሲል እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እሳቸው ጦር ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እሱ ኮንክሪት ላይ ነው፤ ልዩነቱን ሊያስረዳው የሚገባው እንደኔ ያለ ሰው ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ ተደበደበ፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። አምስት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 25፣ በእኛው በኩል ቡላሌ ላይ የግብፅ ቀይ ጨረቃ ቡድን እንደተደበደበ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሶማሊው ቀይ መስቀልን ላንቀይርታ ዐስ፣ ቀይ ጨረቃን ቢሻ ዐስ ይላቸዋል። ሁለቱም ምልክቶች ከሰማይ በኩል ለመጣው ዋጋ አልነበራቸውም። መጋቢት 20 ሐረር በቦምብ ነደደች፤ በሚያዝያ መጨረሻ ጅጅጋ ተያዘች።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ምልክቱ ከአውሮፓ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት የዚህ አገር ሰው የራሱ ሕግ ነበረው። ቢሪ ማ ጌይዶ ይባላል፤ ብረት የማይነካው ማለት ነው። ሴት፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ የሃይማኖት ሰው፣ እንግዳ፣ ቁስለኛ፤ ጎሳ ከጎሳ ቢጋደልም እነዚህን መንካት ነውር ነው፤ የነካ ጎሳው ይከፍላል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ኋላ ላይ ይህን ባህል አስጠንቶ መጽሐፍ አሳትሞበታል። ሁልጊዜ ይከበር ነበር ብዬ አላጋንንም። ጄኔቫ የተፈረመውስ መቼ ሁልጊዜ ተከበረ?

እኔ ጅጅጋ ነው የተወለድኩት። አባቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መስከረም 1970 ከተማዋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በካራማርዳ ተራራ በኩል ወደ ሐረር የወጣነው በአባቴ መኪና ነው። ከፍራሹና ከእናቴ ሰፌድ በላይ ቁስለኛ ወታደሮች ተጭነዋል። አንዱ እግሩን ታጥፎ እኔ ላይ ደገፍ ብሎ ነበር፤ መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር «አይዞሽ» ይላል፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴን ይመስለኛል። ፋፈን ሳንደርስ ዝም አለ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያየሁት አምቡላንስ የአባቴ ኤንትሬ ነው። ፋሻ የለው፣ ቃሬዛ የለው፤ አባቴ የሚያውቀው ቶሎ መንዳት ብቻ ነበር። ዛሬ ላይ ሳስበው ቀስ ቢል ሰውየው ይተርፍ እንደነበር እጠረጥራለሁ። ደም የሚፈሰውን ሰው ታፋው ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ግን አባቴን ማን አስተማረው?

የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማርዳ ተመልሳ ከተያዘች በኋላ ወደ ቤታችን ገባን። ሜዳው ሁሉ ብረት ነው። እኛ ልጆች ቀለሃ እንለቅማለን፤ ነሐሱ ይሸጣል። አንዲት ሶማሊ ጎረቤታችን፣ ኤዶ፣ አክስት ማለት ነው፣ እንላት ነበር፣ ከደጇ ተቀምጣ «ሃ ታባን! ሃ ታባን!» ትጮህብናለች፤ አትንካ ማለቷ ነው። ታሳቅቀናለች እያልን እንሸሻታለን። አብረውን ይለቅሙ ከነበሩት ልጆች አንዱ ቀለሃ ያልሆነ ነገር አነሳ። ስሙን አልጽፈውም፤ እናቱ በሕይወት አሉ። ከዓመታት በኋላ የሠራተኛ ሥልጠና መስጠት ስጀምር ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል የኤዶ ቃል ነበር። ሠራተኞቹም ቅጽል ስም አወጡልኝ፦ አትንካ።

በ1980 የሶማሊያ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቡ ወደ ሐርተ ሼክ ጎረፈ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሄድኩ። ካምፑ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኛ ሰፈር ተብሎ ነበር፤ በሞላበት ጊዜ ከሩብ ሚሊዮን ሰው በላይ ይዟል። የተዘጋው በ1996 ነው። ውሃው በቦቴ ነበር የሚመጣው። ብዙ ሰው ስለ ረሃቡና ስለ ኮሌራው ስጋት ይጽፋል፤ እኔ የማስታውሰው የቦቴዎቹን ጎማ ነው። ቦቴው ገና ሳይቆም ሕፃናት ጀሪካን ይዘው ከጎኑ ይሮጣሉ። ለሰው ሕይወት የመጣው ውሃ ሕፃን ይገጫል። አንድ ሽማግሌ መላ አመጡ፤ ቦቴው መቆሚያው ላይ በድንጋይ መስመር አስደረደሩ፤ ከመስመሩ ያለፈ ጀሪካኑ መጨረሻ ይሞላል አሉ። አለቀ። ኋላ የደህንነት ኮርስ ላይ ይህንኑ ሐሳብ በብዙ ሥዕልና በብዙ ቃል አስተማሩን።

ሐረር ነርስነት ተምሬ ስመለስ አምቡላንስ ማለት ለስሙ ነበር። የጅጅጋና የቶጎ ውጫሌ ፈጣኑ አምቡላንስ የጫት መኪና ነው። ከአወዳይ ጫት ጭኖ ከሰዓት በኋላ ድንበር ይደርሳል፤ ጫት ካረጀ ዋጋ የለውምና ሾፌሩ ነፍሱን ትቶ ይነዳል። ሲመለስ ባዶ ነው። ቁስለኛ ካለ ኋላው ላይ እናጋድምና በካራማርዳ፣ በባቢሌ አድርጎ ሐረር ያደርስልናል። ገንዘብ የጠየቀኝ ሾፌር አልነበረም። ግን ያው መኪና ሲሄድ የገጨውን ሰው ሲመለስ ያመጣ እንደሆነም አይቻለሁ።

ለምን አልቆመም አትበሉ። እዚህ ሰው የገደለ መግ አለበት፤ የደም ካሳ። የወንድ ነፍስ በባህሉ መቶ ግመል ነው። ሾፌሩ ብቻውን አይከፍልም፤ ወገኑ ያዋጣለታል። ችግሩ ክፍያው ሳይሆን ሽማግሌ እስኪቀመጥ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ የሟች ወንድም በቦታው ካለ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ሾፌር ይሸሻል፤ የተገጨው አስፋልት ላይ ይደማል። መጽሐፉ ወርቃማው ሰዓት የሚለው፣ ቁስለኛን ማትረፍ የሚቻልበት ጊዜ፣ እኛ ጋ ሾፌር የሚሰወርበት ሰዓት ነው። ትራፊክ ፖሊስን፣ ሾፌሮችንና ሽማግሌዎችን አንድ ላይ አስቀምጠን ብዙ ተነጋግረናል፤ «አቅራቢያህ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ሽማግሌ ቤት ግባ፣ ግን መጀመሪያ ለሰው ተናገር» የሚለውን የተቀበሉ አሉ፤ ሁሉም አይደሉም።

በኋላ ጤና ጥበቃ ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያድል ነጭ ላንድክሩዘሮች እኛም ጋ ደረሱ። ዋና ሥራቸው ምጥ የያዛትን እናት ማድረስ ነበር፤ በዚህም የዳኑ እናቶችን እኔው በእጄ አውርጃለሁ። ያበሸቀኝን ግን ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ አምቡላንሱን ለስብሰባ ማመላለሻ አደረገው። አንድ ቀን ለድንገተኛ ጥሪ በሩን ስከፍት ቃሬዛው ላይ ሦስት ጆንያ ከሰል ተጋድሟል። ከሰሉን አወረድን፤ ቃሬዛው ጠቁሯል፤ ቁስለኛውንም ጥቁር አደረግነው። ሐኪሙ ሲያየው መጀመሪያ የተቃጠለ መስሎት ነበር።

ሙያው ሙያ ተብሎ መታየት የጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. ክብረት አበበ የሚባል የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛና ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ። እንደኔ ያለ ነርስ መሆኑ ነው የነካኝ። ሰው ከፍሎ አምቡላንስ ይጠራል ወይ ተብሎ ይሳቅበት ነበር። በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍል ማለት ገና ያልበሰለ ሐኪም የሚመደብበት፣ የበሰለው የሚሸሸው ቦታ ነበር። ዛሬ ከተማችን የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲው ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል አላት፤ ከካራማርዳ ሆስፒታል ሌላ ማለቴ ነው። ድሮ ለሐረር ሪፈር ወረቀት እንጽፍለት የነበረው ብዙው ቁስለኛ አሁን ከተማዋ ውስጥ ይታከማል።

እኔ ወደ ሥራ ደህንነት የዞርኩት ሰልችቶኝ ነው። ከአንድ ግንባታ በአንድ ወር ሦስት ሰው አነሳን፤ ሦስቱም የወደቁት ከአንዱ መወጣጫ ነው። ሦስተኛውን ባነሳንበት ቀን ቃሬዛውን ትቼ መወጣጫውን ላየው ሄድኩ። እንጨቱ በሽቦ ሳይሆን በሲባጎ ነበር የታሰረው። የሥራ ደህንነት ከድንገተኛ ሕክምና የተለየ ሙያ ነው ይሉኛል። ለእኔ ያው ሥራ ነው፤ ከአደጋው አንድ ሰዓት በፊት ይጀመራል እንጂ።

ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ ከእሱ በፊት 377/1996፣ ከእሱም በፊት 42/1985፤ ሁሉም አሠሪ ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያዝዛሉ። የአደጋ መከላከያ ይስጥ፣ ያሠልጥን፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ያሳውቅ ይላሉ። አንድ ቀን የቀን ሠራተኞችን ሰብስቤ ሳስረዳ፣ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ያቃተው ሠራተኛ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ የግመል ነጋዴ ልጅ ጣቱን ቆጠረ። «አዴር፣ ይህ ስንት ግመል ይሆናል?» አለ። ሒሳቡን አብረን ሠራን። ሳቁ። የቀን ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዝ ከመቶ ግመል አጠገብ አይቆምም። አንዱ ለአካል ጉዳት፣ አንዱ ለሞት መሆኑን አውቃለሁ፤ እነሱም አወቁ፤ ግን ሳቁ አላቆመም። የሰውን ዋጋ ከፍ አድርጎ የያዘው የቱ ሕግ እንደሆነ ለመፍረድ ጠበቃ አላስፈለጋቸውም።

በስተሰሜን፣ በሲቲ ዞን በኩል፣ ሥራው መልኩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በደወሌ ሜዳ ላይ ከብት የለመደው መሻገሪያ በሐዲድ ተቆረጠ። ግመል ለባቡር መንገድ አይለቅም፤ ባቡሩም መሪ የለው፣ አይታጠፍም። አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲተከል ዋናው ጠላት ከፍታው አልነበረም፤ ሙቀቱ ነው። ከፍታ የሚፈራ ሠራተኛ ይጠነቀቃል፤ ሙቀትን ግን ማንም አይፈራም፤ «ለምደነዋል» ይላል፤ ከቀትር በኋላ ላቡ ሲቆም፣ ንግግሩ ሲደባለቅ አብሮት የሚሠራው ሰው እንኳ የጫት ምርቃና ነው ብሎ ይስቅበታል። ላብ ካቆመ ሳቅ የለም፤ ጥላ፣ ውሃ፣ አምቡላንስ።

የደገሃቡርን መንገድ ሳነሳ አቦሌን መዝለል አልችልም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 እዚያ በነበረ የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሠራተኞች ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በሩቅ የሥራ ቦታ ላይ ደህንነት ሲባል ሁሉም የሚያስበው ጠብመንጃ የያዘ ዘብ ሆነ። ትክክል ነው፤ ዘብ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ካምፖች እኔ ያነሳኋቸውን ሰዎች የገደላቸው መኪና፣ ጉድጓድ፣ ኤሌክትሪክና ሞተር ነው።

የበርካው ልጅ አሁን የራሱ በርካ አለው። ባለፈው ዓመት ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ ክፍት አድርጎ ነው የሠራው። በሐውድ ያላችሁ፣ የእናንተ የተከደነ ከሆነ ክዳኑን አንሱና በደንብ ይተንፍስ። የቤንዚን ሞተር ወደ ውስጥ አታውርዱ፤ ሞተሩ ከላይ ይቀመጥ፣ ቱቦው ይውረድ። ቱቦው ካጠረ ሌላ ግዙበት። ሰው ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ አንዳችሁም አትከተሉት።